አውራ ጣት ያረፈበት ገጽ

በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ የተገነጠለ መጽሐፍ እየሰፋች ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት አለች። የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ሙጫ» ይሏታል። መጀመሪያ ለቀልድ ያወጡላት ስም ነበር። ሲቆይ ተጣብቆ ቀረና አሁን በመታወቂያዋ ስም ቢጠሯት ዞር አትልም።

እትዬ ሙጫ መጽሐፍ ትጠግናለች እንጂ አታነብም። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ «ጠጋኝ ካነበበ ሙጫው ይደርቅበታል» ይሏት ነበር፤ እሷም ቃላቸውን እንደ ሕግ ያዘች። አንባቢውን ግን ከመጽሐፉ ታውቀዋለች። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ቅባቱን ጥሎ ይሄዳል። የልብ ወለድ አንባቢ መጨረሻውን አስቀድሞ ሰርቆ ያያልና የኋላው ገጽ ቶሎ ይላላል። የሕግ መጽሐፍ ከሃያኛው ገጽ ወዲያ የሰው እጅ የነካው አይመስልም። ይህን እያወራች መሥሪያ ቤቱን በሳቅ ታፈርስ ነበር።

«ነበር» ነው እንግዲህ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሳቁ ጠፋ። ሐኪሙ «ድባቴ ነው» ብሎ ኪኒን አዘዘላት፤ ኪኒኑን ሳታጓድል ትውጣለች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ግን «ምን ጎድሎሽ ነው እትዬ? ሥራ አለሽ፣ እጅ እግርሽ ደህና ነው፣ እኔ አለሁልሽ!» ትላታለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ ጨንቋት ነው። ክፋቱ እትዬ ሙጫም ያንኑ ጥያቄ ራሷን ትጠይቃለች። መልስ ስታጣ «እንዲህ የሆነ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስንፍና እንጂ በሽታ አይደለም» ብላ ደመደመች። ለማንም ሳትናገር ሆድ ይፍጀው ብላ የሥራ መልቀቂያ ጻፈችና መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። የቀራት ቀኑን መሙላት ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ከጥገና ክምሩ ላይ ጀርባው የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ያነሣችው። አንዲት ሴት ከድባቴ ጋር ስለኖረችበት ዘመን የጻፈችው የራሷ ታሪክ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው በራሱ ተከፈተ። መጽሐፍ እንዲህ የሚሆነው ሰው አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ሲከፍተው ነው። በገጹ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ብዙ ጊዜ እየተደራረበ ያረፈ።

«ኧረ የዚህስ እጅ ሳሙና አያውቅም!» ብላ ላጲሷን አነሣች። ልታጠፋው ጎንበስ ስትል ዓይኗ ጥቂት መስመር ሰረቀ።

ጸሐፊዋ አንድ ጠዋት አንዱን ካልሲ አድርጋ፣ ሁለተኛውን በእጇ ይዛ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች ቀትር ሆነባት። ካልሲው ለምን እንደከበዳት ለማስረዳት ሞክራ ሲያቅታት «ካልሲ ነው እኮ» ብላ ትታዋለች።

እትዬ ሙጫ ላጲሱን አስቀመጠች። የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንዱን ጫማ አጥልቃ፣ ሌላውን እያየች አርባ ደቂቃ ተቀምጣ ነበር። ለአለቃዋ «አውቶቡስ አመለጠኝ» ብላለች። «ካልሲ ነው እኮ» የሚለውን ደግማ አነበበችና ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ለእህቷ እንኳ ለመናገር ያፈረችበት ነገር እዚህ ታትሞ ቁጭ ብሏል። ለካ ሁለት ናቸው፤ ባለ አውራ ጣቱ ከተቆጠረ ሦስት።

የሽማግሌው ሕግ የዚያን ቀን ፈረሰ። እትዬ ሙጫ ጥቂት ገጽ ለማንበብ ስትል ብቻ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ታጠልቅ ጀመር። መጽሐፉን የተጣበቁ መጻሕፍት ከሚጫኑበት መጭመቂያ ኋላ ሸሸገችው።

«ያ ቀጭኑ መጽሐፍ የት ደረሰ?» አላት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ።

«ሙጫው አልደረቀም።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ? ድልድይ ነው እንዴ የምትጠግኚው? አንድ ጎሚስታ በየማክሰኞው እየመጣ ነፍሴን አወጣት እኮ!»

ኃላፊው ሲወጣ ገጹን ከፍታ አሻራውን አየች። ጎማ ሲፈታና ሲያስር የሚውል ሰው ጣት በምን ሳሙና ይጠራል? «ይጠብቅ» አለች በልቧ። ራስ ወዳድነት ነው፣ ምንም አይባልለትም። ግን መጽሐፉ ከሄደ ጠዋት ማን ያስነሣታል? መልቀቂያው እንደሆነ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች። ያ ሰውዬስ፣ እዚህ ገጽ ላይ ከሷ ቀድሞ የተቀመጠው፣ እነዚህን ሦስት ሳምንታት በምን ተነሣ?

ሰኞ ሰፋችው። ጥሩ ጥገና የመጽሐፍን አመል ያጠፋል፤ ታድሶ ሲወጣ የትም ገጽ ላይ በራሱ መከፈት የለበትም። እትዬ ሙጫ ግን በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አውቃ አበላሸች። እዚያች ገጽ ላይ ክሩን አላላችው፤ አሻራውንም አልነካችውም።

ማክሰኞ መጽሐፉን ራሷ ይዛ ወደ ማዋሻው ጠረጴዛ ሄደች። ጎሚስታው ቱታውን እንደለበሰ ቆሟል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። መጽሐፉን ተቀብሏት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው በራሱ እዚያችው ገጽ ላይ ተከፈተ።

«ሲጠገን ቦታዬ ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ፣ አውራ ጣቱን አሻራው ላይ እያሳረፈ።

«ከዚህ በኋላ ያለውንስ ወደዱት?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎት? ከዚህ አልፌ አላውቅም። አራት ጊዜ ተዋስኩት፤ እዚህ እደርስና እዘጋዋለሁ። እዚያው ተቀምጣ ብትቀርስ?»

እትዬ ሙጫ በዕድሜዋ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው መጽሐፍ ይህ አንዱ ብቻ ነው።

«ታደርገዋለች» አለችው።

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን ካልሲ። ገጽ ዘጠና አራት ላይ።»

ሰውዬው ገጹን አየ፤ ሠላሳ አንድ ይላል። «ሩቅ ነው» አለ። «ከዚያስ ዳነች?»

«አልዋሽዎትም፣ መቶ ሃያ ላይ እንደገና ትቀመጣለች።» ፊቱ ሲጠቁር አይታ ፈጠን አለች። «ግን መቶ ሃያ ሦስት ላይ ተነሥታለች።»

ጎሚስታው በጣቶቹ ቆጠረ። «ሦስት ገጽ ብቻ?»

«ሦስት ገጽ ብቻ።»

መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። እትዬ ሙጫ ወደ ክፍሏ ተመልሳ መሳቢያዋን ከፈተች። ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት አውጥታ በቁመቱ ቀደደችውና ሙጫ ቀባችው። ከክምሩ ላይ ለነበረው ለሚቀጥለው መጽሐፍ ጀርባ ማጠናከሪያ አደረገችው። ጥሩ፣ ወፍራም ወረቀት ነበር።