አስር አለቃ ጎሳዬ የተቆጠረበት አውጫጭኝ

አስር አለቃ ጎሳዬ ፖሊስ የሆነው ወዶ አይደለም፤ ጠልቶም አይደለም። በ1937 ዓ.ም. ከቡልጋ ወደ ጅማ የመጣው ቡና ነጋዴ አጎቱን ፍለጋ ነበር። አጎቱ ከሞተ ሁለት ወር እንዳለፈው ሄርማታ ገበያ መሀል ቆሞ ሰማ። በዚያው ሳምንት የፖሊስ ምልመላ ስለነበር ተሰልፎ ገባ። ቁመቱ በቂ ነበር፤ ማንበብና መጻፍም ይችላል። ካኪ ሰጡት፣ ምንሽር ሰጡት፣ ገበያውን ጠብቅ አሉት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ አራት ዓመት ከሞላ ጎደል በእግሩ ቆሞ ነው የፈጀው፤ ገበያ ላይ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ዝናብ በሚወርድበት ኬላ ላይ።

በመጨረሻ ከሸቤ በታች ጋባ ሮቢ ወደምትባል ትንሽ የቡና ከተማ ተዛወረ። ስሟ በኦሮምኛ የረቡዕ ገበያ ማለት ነው፤ ከረቡዕ በቀር በሌላው ቀን ከተማ መሆኗን የሚያስታውቅ ብዙ ነገር የላትም። ጎሳዬና ሚስቱ ተናኘ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ጭቃ ቤት ሠሩ፣ ከጓሮው ቡና ተከሉ፣ ዕድር ገቡ። ጎሳዬ ኦሮምኛም ለመደ፤ ሲናገር ሕፃናት ቢስቁበትም ነገር አይስተውም።

በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ሥራው የኤግዚቢት ክፍሉን መጠበቅ ነበር። ለፍርድ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ የሚቆለፍበት ጠባብ ቤት ነው፤ ደም የነካው መጥረቢያ፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ ኬላ ላይ የተያዘ የኮንትሮባንድ ቡና እዚያ ይቀመጣል። ቁልፉ ከቀበቶው ተለይቶ አያውቅም። ጉቦ አይቀበልም ነበር ማለት አይቻልም። በበዓል ዶሮ ይመጣለታል፤ ኬላ ላይ ሲውል ባለ በቅሎዎቹ ጥቂት ቡና ትተውለት ያልፋሉ። ሁሉም እንደዚያ ስለነበር እንደ ጉቦ የሚቆጥረው ሰው አልነበረም፤ እሱም አይቆጥረውም።

በ1962 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ዓምደሚካኤል ቁልፉን ጠየቀው። መቶ አለቃው ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። በቁጣ ሲናገር የሰማው የለም።

«ለእኔ ተወው። አንተ ነገ ኬላ ነው የምትውለው» አለው።

በዚያው ምሽት የሀጂ ሸኩር መጋዘን ዘበኛ «መሣሪያህ ፈቃድ የለውም» ተብሎ ታሰረ። የከተማው ትልቁ ቡና ነጋዴ ሀጂ ሸኩር ለንግድ ጅማ ሄደው ነበር። እሁድ ጠዋት መጋዘኑ ተከፍቶ ተገኘ፤ ሊጫን የተዘጋጀው ጀንፈል ቡና በሙሉ የለም። ሰኞ ቁልፉ ለጎሳዬ ተመለሰለት። ክፍሉን ሲከፍት ጆንያ እስከ ጣራው ተደርድሯል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጌታዬ?»

«ኮንትሮባንድ። እሁድ ኬላ ላይ የተያዘ።»

«እሁድ ኬላ ላይ የዋልኩት እኔ ነኝ። አንድ ፍሬ አላለፈም።»

«አውቃለሁ» አለ መቶ አለቃው። «የያዝከው አንተ ነህ ብዬ የጻፍኩት ለዚሁ ነው።»

ጎሳዬ በሩን መልሶ ቆለፈ። ለጡረታው ስምንት ወር ቀርቶታል።

ሀጂ ሸኩር ለአውራጃው አቤት አሉና አውጫጭኝ ታዘዘ። የአገሩ አባወራ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሌባው ካልተጠራ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ጎጆ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሰው አንድ በአንድ እየገባ ያየውን የሰማውን ይነግራቸዋል። የሚናገረው ሰው ወፍ ይባላል። ሽማግሌዎቹ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ እንጂ ስሙን አያወጡም፤ እነሱን የሚጠይቅ የለም፤ ከመሀል እከሌ ነው ብሎ አፉን የሚከፍት ነውረኛ ነው። ወፍ ካልተገኘች የጠፋውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል።

የጋባ ሮቢ አባወራዎች ገበያው ሜዳ ላይ፣ በእሾህ አጥር ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ቡናው የሚለቀምበት ወቅት ነው። የቀላው ፍሬ ዛፉ ላይ ጠቁሮ ይረግፋል፤ የተረፈውን ጦጣ ይወርድበታል። ሴቶች ከልጆች ጋር የቻሉትን እየለቀሙ፣ በመሀል ደግሞ ለታሰረው ባል ምግብ ያመላልሳሉ። የበሩ ጠባቂ ጎሳዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቱ ለጢፋ የባሏን ምሳ ይዛ መጣች። ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት።

«አካም ቡልቴ፣ አስር አለቃ?»

«ደህና ነኝ፣ ለጢፋ። አንቺስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ጦጣዎቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው፤ ዘንድሮ ወፍረዋል። ባሌን ፍቱትና ጦጣዎቹን እሰሩልኝ፣ ማሎ። ቢያንስ እነሱ የሰረቁትን አይቻለሁ።»

ከአጥሩ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ጎሳዬም ሊስቅ ነበር፤ ፊቱ እንቢ አለው። አገልግሉን ከፍቶ እንደ ደንቡ ፈተሸና አሳለፋት።

ነገሩ ለማንም ስውር አልነበረም። ዘበኛው ለምን ቅዳሜ ማታ እንደታሰረ ሁሉም ይገምታል። ነገር ግን አውጫጭኝ ግምት አይቀበልም፤ ያየ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ እየገባ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፣ ይወጣል፣ አጥሩ ስር ይቀመጣል። ጎሳዬ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሰው ሲገባና ሲወጣ ቆሞ አየ። እሱን የጠየቀው የለም። ፖሊስ የመንግሥት ወገን ስለሆነ አይጠየቅም።

ረፋዱ ላይ ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አባ ገሮ በዘንጋቸው ተደግፈው ከጎጆው ወጡ። መቶ አለቃው ዛፍ ጥላ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ከአውራጃው የመጣ ጸሐፊ አለ።

«ሰው ጎድሏል» አሉ አባ ገሮ።

«ማን ነው የቀረው? አሁኑኑ ተይዞ ይመጣል» አለ መቶ አለቃው።

«መያዝ አያስፈልገውም። በሩ ላይ ቆሟል።»

መቶ አለቃው ዞሮ ጎሳዬን አየና ፈገግ አለ። «አባ ገሮ፣ ይሄ እኮ ፖሊስ ነው።»

«ፖሊስነቱን አየሁ፤ ዓይኔ ገና አልጠፋም። ቤት ግን አለው። አሥራ አንድ ዓመት ጭሱ ከጭሳችን ጎን ወጥቷል። ዕድራችን ውስጥ ነው፤ የወንድሜን ሬሳ ተሸክሟል። አባወራ ሁሉ ይግባ ነው የተባለው። ትእዛዙ ‘ካኪ ከለበሰ በቀር’ ይላል እንዴ፣ ጌታው?»

ጸሐፊው ወረቀቱን ገለጠ። «አይልም» አለ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው።

መቶ አለቃው ጸሐፊውን አየ። እንቢ ቢል ጸሐፊው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ተነስቶ ወደ በሩ መጣና እጁን ዘረጋ። «ጠመንጃውን ስጠኝ፤ ይዤልህ እቆያለሁ። ስምንት ወር ነው አይደል የቀረህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ቶሎ ጨርሰህ ና።»

ጎጆው ውስጥ ጨለም ይላል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ። ጎሳዬ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ጮኸ።

«ምን አየህ?» አሉ አባ ገሮ።

መልሱን ከውጭ አዘጋጅቶ ነበር የገባው። አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ሁለት ቃል ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ብለውታል። አፉን ከፍቶ ግን የመጣለት ሌላ ጥያቄ ነበር።

«አባ፣ እርስዎ ያውቁ የለም እንዴ? ሁሉም ያውቃል።»

«ማወቅማ እናውቃለን። ያየ ነው የጠፋው።»

«እኔ ደክሞኛል፣ አባ።»

«ማን ያልደከመ አለ? እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ‘አላየሁም’ ስሰማ ሰነበትኩ። የአንተንም ልስማና እንገላገል።»

ጎሳዬ መሬቱን አየ። ከአጥሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ይቀመጣሉ፤ ቡናቸው ይረግፋል፤ በመጨረሻም የጠፋውን አዋጡ ይባላሉ። እሱ ደግሞ በሩን ይጠብቃል። ያሰበው ስለ እውነት አልነበረም። ያሰበው ነገ ጠዋት ያንን በር እንደገና መጠበቅ እንደማይችል ነው። ጠጋ አለና በሹክሹክታ ተናገረ፤ ቁልፉ ቅዳሜ እንደተወሰደበት፣ እሁድ ኬላ ላይ ምንም እንዳልተያዘ፣ ሰኞ ያየውን። በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

«ውጣ» አሉ አባ ገሮ። «ስትወጣ ፊትህን ስትገባ እንደነበረው አድርገው።»

ሽማግሌዎቹ ወዲያው አልወጡም። ወፏ እንዳትታወቅ ሲሉ ሌሎች ዘጠኝ አባወራዎችን ዳግመኛ አስጠሩ፤ አንዱን ረጅም ሰዓት አቆዩት። ከዚያ አባ ገሮ ወጥተው በሕዝቡ መሀል ቆሙና በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ጸሐፊው እንዲጽፈው በአማርኛ ደገሙት።

«ወፍ ተናግራለች። የሀጂ ሸኩር ቡና ከዚህ ከተማ አልወጣም። ባንዲራ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ በመንግሥት ቁልፍ ተቆልፎ ተቀምጧል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዛፉ ጥላ ዞረ። መቶ አለቃው አልተቆጣም። ብድግ ብሎ ልብሱን አራገፈና ጸሐፊውን ይዞ ወደ ጣቢያው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሀጂ ሸኩር ተጠርተው ቡናቸውን ለዩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ነበር። አጥሩ ተከፈተ፤ ሰዉ አገልግሉንና ቡሉኮውን ሰብስቦ እየሮጠ ወደ ቡናው ሄደ።

ለአውራጃው የተላከው ሪፖርት፣ መቶ አለቃ ዓምደሚካኤል ባደረገው ብርቱ ክትትል የተሰረቀው ቡና መገኘቱን ይገልጻል። ቡናውን ኬላ ላይ የያዝኩት ነው ብሎ አስመዝግቦ የቆለፈው የኤግዚቢት ጠባቂው ነው ይላል። ጸሐፊው ፈረመበት። ፍርድ ቤት ከቀረበ ጎሳዬ ይናገራል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት አልቀረበም። በሁለተኛው ሳምንት የስንብት ደብዳቤ መጣለት። ጡረታ የለውም።

«እስር ቤት እንዳትገባ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለው መቶ አለቃው ደብዳቤውን ሲሰጠው። «ይህን አትርሳ።»

«አልረሳም፣ ጌታዬ» አለ ጎሳዬ። ካኪውን አጣጥፎ አስረከበ፤ ቀበቶውን፣ ቁልፉን፣ ምንሽሩን። የራሱ የሆነው ጫማው ብቻ ነበር።

ማታ ተናኘ ደብዳቤውን አስነብባ ሰማች። ከዚያ ጠየቀችው። «አንተ ነህ እንዴ?»

«እሱ አይጠየቅም።»

«ሚስትህ ነኝ እኮ!»

«ሚስትም አትጠይቅም።»

አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀን እህሉን ስታቀርብለት ፊቱን አታይም ነበር። ተቆጥታ ይሁን አዝና አልነገረችውም።

ሰዉም አልጠየቀም። ማመስገን ወፏን መግለጥ ነው። አብሮት የቆመ፣ ቤቱ የገባ፣ እጁን የጨበጠ ሁሉ ምስጢሩን እንዳወጣ ይቆጠራል። ስለዚህ የጋባ ሮቢ ሰው በሙሉ ራቀው። መንገድ ላይ ሲያገኙት አቀርቅረው ያልፋሉ። ጎሳዬ ይህን ደንብ ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን ቀኑን አላሳጠረለትም። ጠዋት ተነስቶ ከተናኘ ጋር ጓሯቸው ያለውን ቡና ይለቅማል፤ ያሰጣል፤ ያገላብጣል። ከመንገድ የሚያልፈው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ታኅሣሥ አለቀ።

ጥር ገብቶ አንድ ማለዳ፣ ጎሳዬ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጥ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ሰማ።

«አንተ ሰውዬ! ፍየልህ ጎመኔን ጨረሰችው!»

ቀና አለ። ለጢፋ በአንድ እጇ የፍየሏን ቀንድ ይዛ፣ በሌላው የተበላ የጎመን ግንድ ታወዛውዛለች።

«ገመዱን በጥሳ ነው፣ ለጢፋ።»

«ገመዱን በጥሳ! ካኪ ሲያወልቅ ዓይኑም አብሮ ወለቀ መሰለኝ! ሌባ ይዘህ የማታውቅ፣ ፍየል እንኳ መያዝ ያቅትህ?»

ጎሳዬ መጅ የወጣበት እጁን በሱሪው ጠረገ። አንድ ወር ተኩል ሙሉ ከተናኘ በቀር በስሙም ይሁን በስድብ የጠራው ሰው አልነበረም።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለና አጥሩን ዞሮ ፍየሏን ሊቀበል ሄደ።

«የጎመኑንም ካሳ ይዘህ ና!» አለች ለጢፋ።