ጭንቅላቱን አትምቱ

ለሦስታችን ጥናት የተሰጠን አንድ ፒክአፕ ነበር። እኔ የማጠናው አፈር ነው። በጨፋ ሸለቆ ዋልካ መሬት ላይ የብረት ቀለበት እየቀበርኩ፣ ውስጡ ውሃ እያፈሰስኩ፣ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰርግ እለካለሁ። ቦርከና ወንዝ ሲሞላ የትኛው ማሳ ቶሎ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ኩሬ ሆኖ እንደሚከርም ለገበሬው ለመንገር ነው። ስለዚህ ከመኪናው ኋላ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች አይጠፉም። ሁለተኛው ከጎጃም የመጣ የከብት ሐኪም ነው፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው። ከቆላ ወደ ሰንበቴ ገበያ ከሚወጡ ግመሎች ደም እየቀዳ ምን በሽታ ይዘው እንደሚመጡ ይመረምራል። ሦስተኛዋ እንደኔ የከሚሴ ልጅ ናት። የእሷ ጥናት ዳጉ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ሥርዓት ዳጉ ይባላል። የተጠየቀ ሰው አልናገርም አይልም፤ ከሰማውም አይጨምርም፣ አይቀንስም። የጤና ወሬ በዚህ መንገድ እስከ የት ድረስ ሳይበላሽ እንደሚሄድ ለማወቅ ነበር ልፋቷ።

"ወሬም ይጠናል እንዴ?" ይላታል ሐኪሙ መኪናው በተነሳ ቁጥር።

"ያንተ ግመል ደሙን ሰጠህ እንጂ የት እንደዋለ ነገረህ?" ትለዋለች እሷም ወደ መስኮቱ ዞራ።

ሾፌራችን የሁለቱን ንትርክ እንደ ሬዲዮ ነበር የሚሰማው። ደስ ሲለው ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ያን እሁድ ሰንበቴ የደረስነው ገበያው ከሞላ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደም ሊቀዳ፣ እኔ ደግሞ ከገበያው ወዲያ ወዳለው ማሳ ልሻገር። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ሰው እየሮጠ መጣብን። ሴቶቹ የሽንኩርት ጆንያቸውን ጥለው፣ ወንዶቹ ፍየላቸውን እየጎተቱ። አንድ ባጃጅ በጎኑ ተገልብጧል፤ ሸራው ተቦጫጭቋል።

ግመሉን ያየሁት ሰዉ ገለል ሲል ነው። ትልቅ ወንድ ግመል ነው፤ ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ይጎተታል፤ ከአፉ ልሃጩ በክር በክር ይወርዳል። አንገቱን ዘርግቶ ያገኘውን ይነክሳል። አጠገቡ የታሰረውን ሌላ ግመል ትከሻ ነክሶ ሥጋውን ገነጠለው፤ እንጨት ነከሰ፤ አፈር ሳይቀር ነከሰ።

"ሴት ፈልጎ ነው! ወቅቱ ነው!" ይላል አንዱ። ወንድ ግመል በስሪያ ወቅት እንደሚያብድ ሁሉም ያውቃል።

"አይደለም፤ ይሄ ሌላ ነው" አለ ሐኪሙ ለራሱ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

በዚህ መሀል ደላላው ወደ ግመሉ ገባ። የከሚሴ ሰው ነው፤ ሳቂታ፣ ወፍራም፤ ሠርግ ላይ ሁሉ የማይጠፋ። ሽያጩን የያዘው እሱ ስለነበር ገመዱን ለመያዝ ጎንበስ አለ። ግመሉ ክንዱን አፈፍ አደረገው። የአጥንቱን ስብራት እኔ መኪናው አጠገብ ሆኜ ሰማሁት። ከመሬት አንስቶ እንደ ጨርቅ አራገፈው፣ ጣለው፤ ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ በደረቱ ሊደቁሰው ወረደበት።

ሰዉ በዱላና በድንጋይ ተረባረበ። ግማሹ ድንጋይ ግመሉን፣ ግማሹ ሰውን ይመታል። አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ግመሉ ራስ አነጣጠረ። ሐኪሙ ሮጦ አጠገቡ ደረሰ።

"ጭንቅላቱን አትምቱ! ደረቱን! ደረቱን በለው!"

"ሰው እየሞተ አንተ ለግመል ጭንቅላት ታለቅሳለህ?" አለና ሚሊሻው በክርኑ ገፈተረው።

ሐኪሙ ግን አፈሙዙን ይዞ ወደ ታች አወረደው። ጥይቱ ከግመሉ ፊት እግር ኋላ ገባ። ደግሞ ተተኮሰ። ግመሉ እያጓራ በጎኑ ወደቀ፤ ሲንፈራገጥም አንዱን ሰው ጭኑ ላይ መትቶ አሽቀነጠረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከግመሉ የባሰ ነበር። የግመሉ ባለቤት ነጭ ጺም ያላቸው የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ቢላቸውን መዘው፣ ነፍሱ ሳትወጣ ባርከው ሊያርዱት ሮጡ፤ ሳይታረድ ከሞተ ሐራም ነውና ሥጋው ለማንም አይሆንም። ሐኪሙ የግመሉ አንገት ላይ ተደፍቶ ከለከላቸው።

"ማንም እንዳይነካው! ሥጋው አይበላም! ደሙንም አትንኩ!"

"አንተ ማን ነህ?" አለ አንድ ወጣት ነጋዴ። መልስ አልጠበቀም፤ በዱላ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ራሱን አለው። የሐኪሙ ደም በግንባሩ ወርዶ ዓይኑን ሸፈነው። በዚያው ቅጽበት የደላላው ወንድሞች ደረሱ። "ወንድማችንን አስበላኸው!" ብለው የሽማግሌውን ጋቢ አንገታቸው ላይ ጠመዘዙት። የአፋር ነጋዴዎቹም ለሽማግሌያቸው ዱላና ቢላ አነሱ። ገበያው ሁለት ወገን ሆነ።

እኔና ሾፌሩ ደላላውን በብብቱ ይዘን ወደ መኪናው ጎተትነው። ክንዱ ያለ ቦታው ታጥፏል። ሐኪሙ በደሙ ታውሮ ከወዲያ ይጮህብኛል፦

"ውሃህን! ውሃህን አፍስስበት! በሳሙና እጠበው፣ አታቋርጥ! እኔን ተወኝ!"

ሾፌሩ ከአንዷ ነጋዴ ሳሙና ነጥቆ መጣ። እኔ ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩ። ጓንት የለኝም፤ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ጥርሱ የገባበትን ጉድጓድ ሁሉ አጠብኩ። ደላላው ይጮሃል፣ ይራገማል፣ እናቱን ይጠራል። "አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ" እለዋለሁ። አንዱ ጀሪካን ሲያልቅ ሌላውን ከፈትኩ።

ቀና ስል የዳጉዋ ልጅ የለችም። ሁለቱ ወገኖች መሀል ገብታለች።

ሽማግሌው ቢላቸውን እንደያዙ ነበሩ። እሷ ፊታቸው ደርሳ፣ ምንም ሳትጮህ፣ ደሙና ልሃጩ ካልደረሰበት ቦታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበች፤ የእሳቸው ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ ግን ይግባባሉ።

"አባ፣ ከቆላ ነው የመጡት። ዳጉ ጠየቅኩዎት።"

ሽማግሌው አዩዋት። ከኋላቸው የደላላው ታላቅ ወንድም ዱላውን እንዳነሳ ነው። ከዚያ ቢላቸውን አፎቱ ውስጥ ከተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

"አውርድ!" አለ ከደላላው ዘመዶች አንዱ ሽበታም። "የተቀመጠ ሽማግሌ አይመታም። ወላሂ፣ ከመታኸው እኔን ነው የምትመታው!" ዱላው ወረደ።

ዳጉ አይቸኩልም። ሽማግሌው ከሰፈራቸው ጀምረው ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ ነገሯት። ሐኪሙ ራሱን በሻሹ አስሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል፤ ሾፌሩ ጥቂት ጥቂት ይተረጉምለታል። ከዚያ ሽማግሌው ስለ ውሻው ተናገሩ። ባለፈው ጨረቃ አንድ የማያውቁት ውሻ አፉን ከፍቶ ግመሎቹ ወደሚጠጡበት ውሃ መጣ። ግመሉን ከንፈሩ ላይ ነክሶት ሄደ። ቁስሉም ዳነ። አሁን ግን ለገበያ ሲነዱት ግመሉ ውሃ እምቢ አለ፤ መዋጥ አቃተው።

"አጥንት የተሰነቀረበት መስሎኝ እጄን እስከ ጉሮሮው ከተትኩ" አሉ። "የወንድሜ ልጅና ሚስቱ መንጋጋውን ይዘውልኝ ነበር።"

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። የገመድና የእሾህ ጭረት የሞላበት እጅ ነበር።

ሐኪሙ ተቀመጠ። "የእብድ ውሻ በሽታ ነው" አለ። "ማረጋገጫው ያለው አንጎሉ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ጭንቅላቱን አትምቱ ያልኩት።"

እሷ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ተነስተው ወደ ሰዎቻቸው ዞሩና "ተዉት፣ ይቁረጥ" አሉ።

ሐኪሙ ጓንቱንና መነጽሩን አድርጎ በመጥረቢያ ቆረጠው። አንገቱ በቀላሉ አልበጠስ አለ። የግመል አንገት ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ አሁንም ሥጋ ቤት ሳልፍ እሰማዋለሁ። ጭንቅላቱን በፕላስቲክ ደራርበን ለስላሳ ከሚሸጥ ሰው በወሰድነው በረዶ ውስጥ ቀበርነው። ቀሪውን ሬሳ ሰዉ ጉድጓድ ቆፍሮ ሊያቃጥለው ሲል፣ አንዱ ታፋውን ቆርጦ ሊሄድ ሞከረ፤ እሱም ተደብድቦ ነው የጣለው።

ከመሄዳችን በፊት ልጅቱ ሽማግሌውን ለመነቻቸው። "አባ፣ አብረውን ከሚሴ ይሂዱ። መርፌውን ይወጉ።"

"አልነከሰኝም" አሉ።

"ልሃጩ በጭረቱ ይገባል አባ።"

"ግመሌን ወስዳችኋል ልጄ። እጄን ተዉልኝ።" እጃቸውን ግን ከጀሪካኔ በወረደ ውሃ በሳሙና ታጠቡ፤ ለእሷ ብለው ነው። መርቀዋትም ወደ ቆላ ወረዱ።

ደላላው ክትባቱን በጊዜ ጀመረ። ክንዱ ጠሞ ገጠመ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች። ከላቦራቶሪ የመጣው መልስም ሐኪሙ እንዳለው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በገበያ ቀን ሁሉ አብረው ይወርዱ ጀመር። ሐኪሙ የተሰፋ ራሱን በኮፍያ ሸፍኖ ከአፋር ነጋዴዎች ጋር መሬት ላይ ይቀመጣል። እሷ ዳጉ ትጠይቃለች፣ በተራዋም ትናገራለች፦ ግመላቸው ሰንበቴ ላይ የሞተባቸው ነጭ ጺም ያላቸው ሰው፣ መንጋጋውን የያዙት ባልና ሚስት፣ ሳይታመሙ ይምጡ። ወሬው ሄደ። ብዙ ገበያ ሳያልፍ ባልና ሚስቱ በእግራቸው መጥተው ክትባት ጀመሩ። ሽማግሌው ግን አልመጡም። "ሰምቷል" አሉን። "ያልነከሰኝን አልታከምም ብሏል።"

ሐኪሙን አላስችል አለው። ጤና ጣቢያውን ለምኖ ክትባቱን ከአንድ ነርስ ጋር በበረዶ ሳጥን ይዘን ወረድን። አቧራው መንገዱን አላሳይ እያለን፣ ሾፌሩ እየወረደ ጎማ እየፈተሸ ነው የደረስነው።

ከሽማግሌው ጎጆ ገና ሳንደርስ ጩኸቱን ሰማን። ልጆቻቸው በግመል ገመድ አስረዋቸዋል፤ ሊነክሱ ስለጀመሩ። ከመታገል ብዛት የእጃቸው አንጓ ተልጧል። ውሃ ይለምናሉ። ጽዋው ሲቀርብላቸው ጉሮሯቸው ይኮማተራል፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ይወጠራል፣ ጽዋውን በግንባራቸው መትተው ይደፉታል። ደግሞ ይለምናሉ። ልጅቱን አይተው ያወቋት መሰለኝ፤ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን አረፋ ነው።

ነርሷ ሐኪሙን አየችው። እሱም አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሕመሙ አንዴ ከታየ ክትባቱ አይሠራምና ሳጥኑን አልከፈትነውም።

በማግስቱ ጧት ሞቱ። ሚስታቸው ከጎጆው ወጥታ የበረዶውን ሳጥን በእግሯ መታችው፣ ከዚያም ሐኪሙን። በሁለት ጡጫዋ ደረቱን ትደበድበዋለች። "መድኃኒቱን ይዘኸው ነበር! በእጅህ ይዘኸው ነበር!" ትለዋለች፤ ልጅቱ እያለቀሰች ትተረጉምለታለች። ያ ቁጡ ሰው አልሸሸም፤ እጇንም አልያዘም። እስኪደክማት ቆመላት። ሲደክማት ክንዱን ይዛ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አብሯት ተቀመጠ።

ነርሷ ቀስ ብላ ልጆቻቸውን ጠራች። አባታቸውን ሲያስሩ እጃቸውን የተነከሱት ሁለቱ ልጆች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሳጥኑ የተከፈተው ያኔ ነው።