ለአዳዳ የቀመስኩት ብርዝ

ልጅ እያለሁ ከሚሴ ውስጥ ሰርግ ወይም መውሊድ ያለበት ሰው ብርዝ ፍለጋ ወደ እኛ ግቢ ነበር የሚመጣው። ብርዙን የምትሠራው የአባቴ ታላቅ እህት ዘሀራ ናት። እኛ ልጆች በኦሮምኛው አዳዳ እንላታለን፤ አክስት ማለት ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ከእኛ ጋር ትኖር ስለነበር ከእናቴ እኩል ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ማሩን ከቆላ አንገዛም። የእናቴ ወንድም ከከሚሴ በላይ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ በሚታይበት ደጋ፣ ቀፎ ነበረው። በኅዳር ማሩን በቅል አድርጎ ይዞልን ሲወርድ ገና ጋቢውን ሳያወልቅ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ነጭ ነው፤ እንደ ቅቤ የረጋ፣ ጦስኝ ጦስኝ የሚል። የቆላው ቀይ ማር አፍ ላይ ከብዶ ይቀራል። የደጋው ግን መጀመሪያ ይጣፍጥና ወዲያው ቀለል ይላል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ምላስን ሰብሰብ፣ መጥመጥ አድርጎ አፍን አጥቦ ይሄዳል። አዳዳ “ብርዱ ነው እንዲህ የሚያደርገው” ትለን ነበር።

ብርዝ ብዙ አይቆይም። ማሩ በውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ነጠላ ይጠለልና ጋን ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል። በከሚሴ ሙቀት ከዚያ ካለፈ መፍላት ይጀምራል፤ ከፈላ ደግሞ ያሰክራል፣ ለእኛ ሐራም ነው። ስለዚህ ሰው የሚያምነው የአዳዳን ምላስ ነበር። እሷ ቀምሳ “ደህና ነው” ካለች ሼሆቹም ሳይጠይቁ ይጠጣሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አዳዳ በታይፎይድ ታመመች። ከአልጋዋ ስትነሳ ከስታ ነበር እንጂ ሌላ የጎደላት ነገር ያለ አልመሰለንም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ አዳዳ ሁለት ጋን ብርዝ አዘጋጀች። ሙሽራውን ከባቲ የሚያመጣው መኪና ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰርጉ በአንድ ቀን ተላለፈ። ብርዙም ጋኑ ውስጥ ሁለተኛ ሌሊት አደረ።

ጠዋት አዳዳ ከሁለቱም ጋን በጣሳ እየቀዳች ቀመሰች። “ማሻአላህ፣ ደህና ነው” ብላ ጣሳውን ሰጠችኝ። የተረፈውን ጠጣሁት። ምላሴን ቆነጠጠኝ፤ እንደ እርሾ ያለ ሽታም ወደ አፍንጫዬ ወጣ።

“አዳዳ፣ ፈልቷል” አልኳት።

“ምን ትያለሽ አንቺ? አሁን ቀመስኩት እኮ!”

“ወላሂ ፈልቷል። አረፋውን እዪው።”

ጎንበስ ብላ አየች። ፊቷ ተለወጠ። እንደገና ቀመሰች፤ ቆየችና ደግማ ቀመሰች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“ሀያት፣ ልጄ” አለችኝ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ “ከበሽታው ወዲህ ውሃና ማር አይለይልኝም። ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ። ስንቱ እኔን አምኖ ሊጠጣ ነበር፣ ያ ረቢ!”

ጋኖቹን አዘንብለን ብርዙን ጓሮ ደፋነው። አባቴ ጋሪ ይዞ ሲመጣ ባዶ ጋን ጠበቀው። አዳዳ ከሐፍረቷ ብዛት ቀና ማለት አቃታት። እኔም አላስችል ብሎኝ “ስጫወት ገፍቼ ደፋሁት” አልኩ።

“ሁለቱንም?” ብሎ አባቴ ወደ እኔ ሲመጣ አዳዳ ተነስታ መሀል ገባች።

“ተዋት። እኔ ነኝ ያስደፋኋት። ምላሴ ከሄደ ወራት ሆኖታል፤ ደበቅኳችሁ።”

አባቴ ወደ ጋሪው ተመለሰ። ከዚያ ባለጋሪውን ውሃ እንዲያመጣ ላከው። የተረፈችውን ማር አውጥተን፣ አዳዳ እየበጠበጠች እኔ እየቀመስኩ፣ በጥድፊያ አዲስ ብርዝ ሠራን። ለማደር ጊዜ አልነበረውም። ሰርግ ቤት አንዲት ሴትዮ “ይሄ የዘሀራ ብርዝ አይደለም” ስትል ሰማኋት። አዳዳም ሰምታ ኖሮ፣ “እውነትሽን ነው” አለቻትና የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች።

ከዚያ ወዲያ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ቀማሿ እኔ ሆንኩ። አዳዳ ግን “ደህና ነው” ማለቴ አይበቃትም። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና “ማል ጄዳ?” ትለኛለች፤ ምን ይላል? ማለቷ ነው። “ይጣፍጣል” ካልኳት ትቆጣለች። “ጣፋጭማ ስኳርም ጣፋጭ ነው! ዋጪውና ቆዪ፣ ከዚያ ንገሪኝ።” ቆይቼ፣ መጀመሪያ ጦስኙ እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ዝናብ የነካው ድንጋይ እንደሚሸት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዳልበሰለ ኮክ መጥመጥ እንደሚያደርግ እነግራታለሁ። እሷ ጣሳ ሳትይዝ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። አንዳንዴ “ዘንድሮ ደጋው ዝናብ በዝቶበታል” ትላለች፤ አጎቴ ሲመጣ እውነት ሆኖ ይገኛል።

በኋላ እኔ ለትምህርት ደሴ ሄድኩ፤ ሥራም ኮምቦልቻ ያዝኩ። አጎቴ አረጀ፣ ቀፎዎቹም ባዶ ቀሩ። ለመጨረሻ ጊዜ አዳዳን ያየኋት አልጋ ላይ ሆና ነው። “የደጋ ነው” ተብዬ የገዛሁትን ማር በጥብጬ ቀድሜ ቀመስኩት። ጣፋጭ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ትንሽ አጠጣኋት።

“ማል ጄዳ?” አለችኝ ዓይኗን ጨፍና።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ጦስኙን፣ ድንጋዩን፣ መጥመጡን። ረጋ ብላ አዳመጠችኝ።

“አልሐምዱሊላህ፣ አሁንም አለ ማለት ነው” አለችና የቀረውን ጨርሳ ጠጣች።

ወር ሳይሞላት ሞተች። በብርዝ ጉዳይ የዋሸኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ከሚሴ ሰርግ ስጠራ የሚቀርብልኝ የጠርሙስ ለስላሳ ነው። ሌሊት ያድራል፣ ይፈላል ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ ቀማሽም አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ እዚያው ደጋ ላይ ሁለት ቀፎ ሰቀለ። ንብ ገና አልገባባቸውም። በየሳምንቱ እየደወልኩ እጠይቀዋለሁ።