የአራቱ ጥግ መሐላ

አዲሱ የእርሻ ግብር በመጣበት ዓመት፣ ቡሬ ገበያ መካከል የግብር ገማቹን አረማመድ አስመስዬ ስንጎማለል ተያዝሁ። ገበያተኛው ሲስቅ በእኔ ጥበብ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገማቹ ከኋላዬ ቆሟል።

ፍኖተ ሰላም ወስደው ያስገቡኝ ቤት ለእህል መጋዘን የተሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መዳፍ የሚያህል ነበር። በሩ ሲከፈት የላብና የበሶ ሽታ ተቀበለኝ። ስለ ቁንጫው ባወራ አታምኑኝም፤ አንዷ ጋቢዬን ገፍፋኝ ለብሳዋለች ብል ግን ብዙም አልዋሸሁ።

በአንደኛው ጥግ የሽንዲ፣ በሌላው የማንኩሳ፣ በሦስተኛው የግሽ ዓባይ፣ በበሩ በኩል ደግሞ የእኛ የቡሬ ሰዎች እንቀመጣለን። ሁላችንም የታሰርነው በዚያው ግብር ነው። እያንዳንዱ ጥግ የራሱ ሽማግሌ ስላለው የራሱን ነገር ራሱ ይጨርሳል። ከዚያ በላይ ግን አንድ መሐላ ነበረን። አዲስ የገባ ሁሉ በግሽ ዓባዩ መሪጌታ የአንገት መስቀል ላይ እጁን ጭኖ ይምላል፦ ስንቅ በአንድ ሰፌድ ይቀርባል፤ ማንም በማንም ላይ እጁን አያነሣም፤ ማንም ቃሉ ሳይሰማ አይፈረድበትም። መሐላው ፈረሰ የሚል ለመሪጌታው ይከሳል። የችሎት ወንበራቸው የተደፋ ባልዲ ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ የቡሬ ገበሬ ገባ። ምሎ ወደ ጥጋችን ሲመጣ ሽማግሌያችን ፊታቸውን አጠቆሩ። እኒህ ሰው የክርስትና አባቴ ናቸው።

“ይኸ እኮ ቃላድ ጎታች ነው! የመሬት ለኪዎቹን ገመድ ይዞ ማሳዬ ላይ ሲጎትት በዓይኔ አይቸዋለሁ። ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይበላም!”

ሰውየው በሩ ሥር ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሰፌዱ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። ሌሎቹ ጥጎች “የቡሬ ጉዳይ ነው” ብለው ዝም አሉ። እኔማ ምን ዝም እላለሁ!

“አንተ ቃላድ ጎታች፣ እስቲ ከዚህ እስከ ባልዲው ስንት ቃላድ ይሆናል?” አልሁት። ቤቱ በሣቅ ተናወጠ።

ቀና ብሎ በዓይኑ ለካው። “የቃላድ ጫፍ እንኳ አይዘረጋበትም፣ ወንድም ዓለም” አለኝ፤ ከምሩ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። 

ተነሣሁና የጋቢዬን ጫፍ ከክርስትና አባቴ ጋቢ ጋር ቋጠርሁት። በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት፤ ሳይዳኙ መፍታት ነውር ነው።

“አበድህ እንዴ?” አሉኝ።

“አንቱን ከስሻለሁ፣ አባባ።”

“እኔን? ታቅፌ ክርስትና ያነሣሁህን?”

“ያን ቀንም ጮኸብኝ ይሉ የለም?”

እስከ ባልዲው አራት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ደርሼ የተመለስሁ ያህል አላበኝ።

“ቡሬ የራሱ ሽማግሌ አለው” አሉ የክርስትና አባቴ። “ግሽ ዓባይ በቡሬ ነገር ምን ጥልቅ አደረገው?”

“አይገባም” አሉ መሪጌታው። “አንቱ ግን በዚህ መስቀል ምለዋል ወይስ አልማሉም?”

“ምያለሁ።”

“የሰውየውን ቃል ሰምተዋል?”

የክርስትና አባቴ ቁልቁል ቋጠሮውን አዩ።

“ጥጉ የአንቱ ነው፤ መሐላው የሁላችን ነው። አንተ፣ ተናገር።”

“ጎትቻለሁ፣ የኔታ” አለ ሰውየው። “ወንድሜን አስረው፣ ካልጎተትህ አይወጣም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን አቃተኝና ገመዱን ወንዝ ውስጥ ጣልሁት።”

“ወንድምህስ?”

“አልወጣም። እኔ ገባሁ።”

ማንም አልሣቀም፤ እኔ እንኳ።

“የመጎተቱን ነገር ስንወጣ ቡሬ በአገሩ ይዳኘው” አሉ መሪጌታው። “እዚህ ግን ይበላል።”

የክርስትና አባቴ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ሰፌዱ ቀረበ። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ሰውየውም እጁን አልሰደደም።

“ብላ እንጂ፣ ተፈርዶልሃል” አሉት መሪጌታው።

“ታላቄ ሳይቆርሱ፣ የኔታ?”

ሁለት ቀን የጾመ ሰው ነው እንዲህ ያለው። አርባ እጅ ሰፌዱ ላይ ሳይወርድ ቆመ። የክርስትና አባቴ ሰውየውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እንጀራውን ቆረሱ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለእሱ ዘረጉለት።

“እንካ። ወንድምህ ማን ይባላል?”

በሁለት እጁ ተቀበለና ስሙን ነገራቸው።

ከዚያ ወዲህ ማኅተም ያለው፣ ዘበኛ የሚያቆም ስንት ችሎት አየሁ። የእኛ መሪጌታ ዘበኛ አልነበራቸውም። የክርስትና አባቴ እምቢ ብለው ቢነሡ ምን ያደርጓቸው ነበር? ምንም። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ ግን ቆረሱ። እኔን እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም፤ ተገቢ ነው።

አሁን የእሳቸው ዕድሜ ላይ ልደርስ ነው። ያን ሰው ከሰስሁለት እንጂ ስለ ቀልዴ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ አንድ ቀን ጠባቂዎቹ ጠርተው ወሰዱት፤ ዳግመኛ አላየሁትም። ማንበብ አይችልም ነበር። ልጆች ካሉት ይህን ጽሑፌን ያንብቡለት።