ከትርንጎ ጆሮ የተወሰደው ቆዳ

ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር። ጸሐፊው ሙላቴ ደምሴ ወርቁ።

ትርንጎ ጌጡ በአገሯ የተመሰገነች ፈታይ ነበረች። የሥጋ ደዌው ክንዷን ድንገት አቃጥሎ ጣቶቿን ሲያጥፋቸው ግን እንዝርቱ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። የጤና ረዳቱ ማሩ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘላት። ሰውነት ከደዌው ጋር ሲዋጋ የራሱን ነርቭ ያቃጥላል፤ ክኒኑ ውጊያውን ያበርዳል። ዘበኛው ሰውነት ሲተኛ ግን የደዌው ተሕዋስ ሊራባ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑ ከመቀጠሉ በፊት ከጆሮዋ ጫፍ ጥቂት ቆዳ ተወስዶ፣ መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በቀለም ይመረመራል። ተሕዋሱ ቀዩን ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ሌላው ሥጋ ሰማያዊ ይሆናል። ቀዩ ካለፈው ምርመራ በዝቶ ከተገኘ ክኒኑ ይቋረጥባታል፤ ጣቶቿም እንደታጠፉ ይቀራሉ።

በቀጠሮዋ ዕለት ራሷን ቅቤ ተቀብታ መጣች፤ ጠጉሯ ደርቆ ሰው ፊት መቅረብን ታፍራለችና። የመንገዱ ፀሐይ ቅቤውን አቅልጦ ወደ ጆሮዋ አወረደው። በጤና ጣቢያው አልኮል አልቆ ነበርና ማሩ የጆሮዋን ጫፍ በደረቅ ጥጥ ጠረግ አድርጎ በምላጭ ሰነጠቀ።

ትርንጎ ደጅ ተቀምጣ ጣቶቿን በጉልበቷ ላይ እየተጫነች ታቃናለች፤ መልሰው ይታጠፋሉ። መስታወቱ ላይ በእሳት የሚግለው ቀለም ሽታ በመስኮቱ ይወጣል። በዝቶ ቢሆንስ?

ማሩ ወጣ።

«እሜቴ፣ መስታወቱ ላይ ምንም የለም።»

«ድኛለሁ ማለት ነው?»

«አይደለም። ሳጥበው ሁሉም ተላቆ ሄደ። ቅቤው አላስይዝ ብሎት ነው። ሰርግ ነበረብዎ?»

«ደዌ ያዘኝ ብዬ ጠጉሬን ላድርቀው? እርስዎስ ቅቤውን ሳያዩ ነው የሰነጠቁኝ?»

ማሩ የታጠበውን መስታወት ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳያት።

«እንግዲያ ክኒኑን ይስጡኝ።»

«ባዶ መስታወት አይቼ እንዴት ልስጥ?»

ትርንጎ ተነሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። በሳሙና ራሷንና ጆሮዋን እያጠበች፣ እጇ ሳሙናውን ሲጥለው እያነሣች፣ ውኃው እስኪጠራ ቆየች። ተመልሳም ሌላኛውን ጆሮዋን አቀረበችለት።

«ያኛው ቆስሏል፤ ይኸንን ይቁረጡ።»

ሁለተኛው መስታወት እስኪደርስ ውኃ አልቀመሰችም። ማሩ በማይክሮስኮፑ ደጋግሞ አይቶ ቀና አለ።

«ቀዩ አለ። ካለፈው ግን አልበዛም።»

ክኒኑን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ከዚያ ወራት አልፈው አሁን በከተማው ትርንጎ ፈጽማ ዳነች የሚል ወሬ ይነገራል። ወሬ እንደ ነጋሪው ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው በገበያ ቀን ወደ አገሯ ወደ አንበሳሜ ወርዶ አያት። እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። የቀኝ እጇ ጣቶች ተዘርግተዋል፤ ትንሿ ጣት ግን አልተዘረጋችም።