በቁማቸው የታረመ የሕይወት ታሪክ

እትዬ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍላቸው ሲጠይቁኝ ሐኪም የከለከላቸውን ብርቱካን እየላጡ ነበር።

«የቀብሬን ማለቴ ነው» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን። አንቺ አማርኛ ትጽፊ የለ?»

እጽፋለሁ። ከዘመዶቼ ልጆች ሁሉ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ አገር ቤት አምስተኛ ክፍል ጨርሼ ስለመጣሁ ፊደሉ አልጠፋኝም። ሌሎቹ «እንዴት ናችሁ?» ሲባሉ በእንግሊዝኛ «ጉድ» ብለው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ደግሞ መጻፍ ብቻ ሳይሆን አሳምሬ መጻፍ እንደምችል ደረስኩበት። መቻል ደስ ይላል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንኳን ደስ ይላል፤ ምን ላድርግ።

እትዬ የእናቴ አክስት ናቸው። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጃቸውን ጋሼ ነው የምለው፤ ታክሲ ነጂ ነው። የእትዬ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ቆይቶ ስለነበር በየሁለት ቀኑ ደማቸው በማሽን የሚታጠብበት ዳያሊሲስ ነበራቸው። እሱ ሥራ ላይ ስለሚሆን ከትምህርት ቤት ስወጣ አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። የሕክምናው ክፍል ይበርዳል። ወንበሮቹ እንደ አውሮፕላን ተደርድረዋል፤ በየወንበሩ አንድ ሰው ከነቱቦው ተጋድሟል። አንዳንድ ሳምንት የለመድነው ሰው ቦታ ላይ ሌላ ሰው እናገኛለን። የበፊቱ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሁሉም ዓይኑን ከድኖ ይተኛል፤ እትዬ ግን ማሽኑን ያዩታል። ሲጮህ እኔ እደነግጣለሁ።

«አትደንግጪ» ይሉኛል። «ጠይቆ መልስ ስላጣ ነው። እኔም እንዲህ አስጮኸው ነበር።»

እትዬ ፕሮግራመር ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል ሙሉ ብረት በነበረበት ጊዜ፣ ወንዶች ብቻ በሚሠሩበት ክፍል፣ ከነጉርድ ቀሚሳቸው ገብተው ለዚያ ብረት ትእዛዝ የሚጽፉ እሳቸው ነበሩ። ትእዛዙ ካርድ ላይ ይበሳል፤ ካርዱን ማሽኑ ይበላዋል። ከዚያ ስደት መጣ። በሱዳን በኩል ሳን ሆዜ ደረሱና ሥራቸውን ሊቀጥሉ በየኩባንያው ዞሩ። ማስረጃ አምጪ ተባሉ፤ ማስረጃው አገር ቤት ቀርቷል። አንዱ ቀጣሪ ከእግር እስከ ራሳቸው አይቶ ሳቀ። በመጨረሻ የተቀጠሩት የኮምፒውተር ቦርድ በሚበየድበት ፋብሪካ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሆዱን ስበይድለት ኖርኩ» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳን ነይ አነጋግሪው ያለኝ የለም።»

የሚፈሩት ሞትን አልነበረም። የሚፈሩት ቀብር ላይ የሚነበበውን ወረቀት ነበር። ብዙ ሰው ቀብረዋል፤ የሁሉም ታሪክ አንድ ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፤ ደግ፣ ሰው አክባሪ፤ ባደረባቸው ሕመም።

«ስሙን እየቀያየሩ አንዱን ካርድ ለሁሉም ያስገቡታል» አሉ። «እኔን ፋብሪካ ውስጥ የሠራች ደግ ሴት ብለው ሊቀብሩኝ ነው። እኔ እሷ አይደለሁም።»

ጋሼ ሲሰማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው።

«በቁምሽ? እማዬ፣ ሟርት ነው! አንቺም ብትሆኚ፣ ሆምወርክ የለሽም? ካንስል አድርጊው!»

«ብትጽፈውም ባትጽፈውም እሞታለሁ» አሉት እትዬ። «አንተ ተናደድክ ብሎ ደግሞ ሞት አይተወኝም።»

ጋሼ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ በመስኮት አየሁት፤ ሞተሩን አላስነሳም።

እኛ ግን ጻፍን። መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ጽሑፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ያምር ነበር። «እንደ ንጋት ኮከብ» የሚል ሁሉ ነበረበት። እትዬ ቱቦ ባልተሰካበት እጃቸው እርሳስ ያዙ።

«አሁን እኔ ማሽኑ ነኝ» አሉ። «የእኛ አሠራር እንዲህ ነበር። የማሽኑ ተራ በስንት ጊዜ አንዴ ስለሚደርስሽ፣ ካርዱን ከመስጠትሽ በፊት ራስሽ ማሽን ሆነሽ ታነቢዋለሽ። ማሽን ያሰብሽውን አያውቅም፤ የጻፍሽውን ብቻ ነው የሚያደርገው። አንብቢ።»

«ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ።»

«ማን አስገባኝ? አባቴ እንቢ ብሎ ከአክስቴ ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት። ሰርዢ።»

«ደግና ሰው አክባሪ ነበሩ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ! ደግ ነዎት እኮ።»

«ደግነት ማሽን ውስጥ አይገባም። ምን እንዳደረግኩ ጻፊ።»

ኮከቡንም ሰረዙት። አልቅሼ ነበር ማለት ይቻላል። ግን በየሁለት ቀኑ ስናነበው፣ ስንሰርዘው፣ ስናነበው፣ ጽሑፉ ውስጥ አንዲት ሴት መታየት ጀመረች። እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም ነበር። እሳቸው ደግሞ በየሳምንቱ እየከሱ፣ እርሳሱ እየከበዳቸው ሄደ። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሆነው።

ትልቁ ክርክራችን በጳጉሜ ጉዳይ ነበር። ከውጭ የመጣው ማሽን የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛውን ያስተማሩት እትዬ ናቸው፤ ሌሎቹ አይሆንም ያሉትን። ሠራ፣ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት መጣና ማሽኑ በዚያች ቀን ቀጥ አለ። የውጭ አገር ቴክኒሻኖች ተጠርተው ሆዱን ከፈቱት። እትዬ ካርዳቸውን ገልብጠው ገልብጠው አዩ፤ ጳጉሜን አምስት ብለው ነበር የዘጉት። አለቆቹ ሁሉ በቆሙበት «ዝጉት፣ ማሽኑ ደህና ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ካርዱን ቀየሩና ማሽኑ ተነሣ።

«ይሄን ልዝለለው?» አልኳቸው። «በቀብር ቀን ስህተት ይነሳል እንዴ?»

«እሱማ ዋናው ነው» አሉ። «ሠርቻለሁ ማለት ማንም ይችላል። የት ጋ እንደተሰበረ የሚያውቅ የሠራው ሰው ብቻ ነው። እሱ ከወጣ ማን ያምነኛል?»

ስህተቱም ጽሑፉ ውስጥ ገባ። ከሳምንት በኋላ እትዬ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ጠዋት ሻይ ይዞ የገባው ጋሼ ነው።

ለቅሶው ላይ ወደ ኩሽና ጠራኝ። ዓይኑ አብጧል። «ያ ነገር… አልቋል?» አለኝ። ሰጠሁት። ሳያነበው፣ ማንበብ አቅቶት ይመስለኛል፣ ለዕድሩ ሽማግሌ አቀበለው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። አባታቸው፣ አክስታቸው፣ ትምህርታቸው፤ የእኔ ዓረፍተ ነገሮች በትልቅ ድምፅ ሲሰሙ ልቤ ዘለለ። ከዚያ፦ «በአንድ መሥሪያ ቤት በታማኝነት አገልግለው በስደት ወደ አሜሪካ መጡ።» ቀጥሎ ፋብሪካው። ቀጥሎ ሕመማቸው። ነፍስ ይማር። አለቀ።

ሮጬ ደጅ ላይ ደረስኩባቸው።

«አባባ፣ መሐሉ የት ሄደ?»

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ ትከሻዬን ይዘው፣ ከልባቸው አዝነው። «እንዴት አድርገን ነው በሬሳዋ ፊት ተሳሳተች የምንለው? ጠላት እንኳን አይለውም። ስህተቱን ሳወጣው ሥራው ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ሆነብኝ፤ ባንድ ላይ ተውኩት። ክብሯን ብዬ ነው።»

እትዬ ያን ሁሉ ጊዜ በእርሳስ ሲፈትሹ ያላሰቡት ይሄን ነበር። የሚያነበው ማሽን አልነበረም።

ከመቃብር ስንመለስ ጋሼ መኪና ውስጥ አስገባኝ። ፍሪዌዩ በመኪና ተዘግቶ ቆመናል።

«ሽማግሌው የተዉትን ስልክሽ ላይ አለሽ? አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ማሽኑ ቀጥ ያለበት ጋ ስደርስ ዞር ብሎ አየኝ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለች? አለቆቹ ፊት?»

«ብለዋል።»

«እኔ ፋብሪካዋን ብቻ ነው የማውቀው» አለ። ከኋላ ጡሩምባ ተነፋብን፤ ቶሎ አልተንቀሳቀሰም።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሰው ምግብ ይዞ ተቀምጧል። አንዲት ሴትዮ መጥተው እጁን ያዙት። «እግዜር ያጥናህ። እናትህ ሳን ሆዜ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሠሩት፣ አይደል?»

«ፕሮግራመር ነበረች» አለ ጋሼ።

«እህ» አሉ ሴትዮዋ፤ ምን እንደሆነ እንዳልገባቸው ያስታውቃል። «ምን ምን ሠሩ?»

የዕድሩ ሽማግሌ ሳህናቸውን ይዘው ቀና አሉ። ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁበት፣ ተው እንደ ማለት።

ጋሼ አያቸው። ወንበር ስቦ ለሴትዮዋ ሰጠና ከስህተቱ ጀመረላቸው።