እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጎ አየ፣ ሚዛን ላይ አቆመኝ፣ ከዚያ «እማማ፣ የእርስዎ መድኃኒት አሥር ኪሎ መቀነስ ነው» አለኝ። ከአሥሩ ኪሎ ይልቅ «እማማ» ማለቱ አናደደኝ። ገና አርባ አምስት ዓመቴ ነው! ግን ጉልበቴን ምን ብዬ ልከራከረው? ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ሱቄ ሃያ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ ኖሬያለሁ። አሁን አንድ ዩኒፎርም ጨርሼ ለመነሣት ጠረጴዛ መደገፍ ጀምሬያለሁ። እግሬ እምቢ ካለ ሥራዬም እምቢ አለ ማለት ነው፤ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም።

እንዴት እንደሚቀነስ የነገረችኝ ባሕር ዳር የምትማር ልጄ ናት፣ በስልክ። «እማዬ፣ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አትቀምሺም። ከዚያ ትንሽ ትበያለሽ፤ ቅቤ የለም፣ ስኳር የለም።» «ይሄማ ጾም ነው» አልኳት። «ጾም አይደለም፣ ዳይት ነው» አለችና ሳቀችብኝ። እሷ ምን ታደርግ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ናት።

የመስቀል ማግስት ጀመርኩ። ከዚህ የከፋ ቀን አይገኝም፤ በየቤቱ የተረፈው ሥጋ ገና አላለቀም፣ በየደጁ በቆሎ ይጠበሳል። ለልብስ ሰፊ ደግሞ መስከረም የዩኒፎርም ወር ነው፤ ሱቄ በጨርቅና በእናቶች ይሞላል። ሦስት ሰዓት ላይ ሆዴ ይጮሃል፤ እሱን እችለዋለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ግን ጩኸቱ ወደ ምላሴ ይወጣል። «እጅጌው ጠበበኝ» ያለችኝን ደንበኛ «እጅጌው አልጠበበም፤ ክንድሽ ነው የወፈረው» አልኳት። ሰማንያ ስድስት ኪሎ የምመዝነው እኔ! ሴትዮዋ ጨርቋን ሰብስባ ሄደች። በዚያው ቀን የአንድ ሱሪ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍቼ ዘጋኋቸው። ሳየው ጊዜ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሱሪ!

ረሃቡ አይደለም የገረመኝ፤ ንዴቱ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስጾም ያደግኩ ሰው ነኝ። ስንት ሁዳዴ ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃ ሳልቀምስ ውዬ፣ አንድም ቀን ደንበኛ ሰድቤ አላውቅም። ያው ሆድ ነው፣ ያው ሰዓት ነው። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ልዩነቱን ሳስብ ዋልኩ። በሁዳዴ አገር ሁሉ አብሮኝ ይራባል፤ የምጾመውም ከእኔ ለሚበልጥ ነገር ነው። ይሄኛው ግን የኔ ብቻ ነው፤ ለኔ ወገብ፣ ለኔ ጉልበት። ሰው ሁሉ እያኘከ እኔ ሜትሬን አውጥቼ ወገቤን እለካለሁ። ብቻዬን መራቡ ነው መሰለኝ አንጀቴን ያቃጠለው።

ከሱቄ ጎን ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። አሥር ዓመት ተጎራብተናል፤ የኔ ቀን የሚጀምረው እሷ በምታመጣልኝ ጣፋጭ ሻይና ትኩስ ዳቦ ነው። መጀመሪያ ቀን እምቢ ስላት «ምነው፣ ተቀየምሽኝ?» አለች። በሁለተኛው ቀን «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» አለች። በሦስተኛው ቀን ዳቦውን ቆርሳ አፌ ድረስ አመጣችው፤ «አፈር ስሆን! እኔን ቅበሪኝ!» እውነቱን ነገርኳት፤ «ልከሳ ነው» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ኧረግ! ሰው ተመችቶት ሲያምርበት ክሳ ይባላል? ስትከሺማ ሰው ‹ምን አገኛት› ነው የሚልሽ!» አለችና አጎረሰችኝ። በላሁት። ሲጣፍጥ! ከዚያ ቀኑን ሙሉ በራሴ ስበግን ዋልኩ።

መስከረም ሃያ ስድስት ቀን የጽጌ ጾም ገባ። የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይይዘዋል፣ ያልያዘውን «ለምን?» የሚለው የለም። እኔ ይዤው አላውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ሻይ ሻጯ ብርጭቆዋን ይዛ ስትመጣ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ «ጾም ይዣለሁ፣ እስከ ዘጠኝ።»

እጇ ባለበት ቀረ። «ውይ፣ ይቅር በይኝ! ጽጌን ያዝሽ? እሰይ የኔ እናት!» አለችና ሻይዋን ይዛ ተመለሰች። በአንድ ቃል ተገላገልኩ። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። ስምንት ቀን ሙሉ ስለፋ ይህ ቃል የት ነበር ብዬ ተናደድኩ።

ሳምንት ሳይሞላ የሰው ዓይን ተለወጠ። ደንበኞች እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያቺ ክንድሽ ወፍሯል ያልኳት ሴት እንኳ ተመልሳ መጣች፤ «ጾሙ ይሆናል ያበሳጨሽ» ብላ፣ ያኔ ጾሙ ገና እንዳልገባ ልብ ሳትል፣ ይቅር አለችኝ። ሻይ ሻጯ ደግሞ ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ ልጅ አለቻት፤ «ስትጸልዪ አስቢልኝ፣ አደራ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ምን ልበል? ጸሎትም የያዝኩ ይመስል! ያን ቀን ወገቤን ስለካ ሁለት ሳንቲሜትር ቀንሶ ነበር፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ።

በዚያው ሰሞን እናቴን ላመጣ ወደ ቡሬ ሄድኩ። እናቴ ከቡሬ ወጣ ብላ ገጠር ትኖራለች፤ ስኳር በሽታ አለባት። ክትትሏ ፍኖተ ሰላም ስለሆነ፣ መንገዱም እንደ ልብ ስላልሆነ፣ እስከ ኅዳር እኔ ጋ እንድትቆይ ተነጋግረን ነበር። ስንመለስ ማንኩሳ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሴቶች የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት አስገቡልን። ሽታው ብቻ ሰው ይጥላል። እናቴ አንድ ገዛች፣ ለሁለት ሰበረችና ትልቁን ዘረጋችልኝ።

«ጾም ይዣለሁ እማ» አልኳት፤ ቃሉ ለምዶብኛል። «የምን ጾም?» «ጽጌን።» ይዤው እንደማላውቅ ታውቃለች። አየችኝ፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን የሐኪም ካርዷን አየች። «ስለ እኔ ነው?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ለወገቤ ነው እማ፣ ሐኪም አዞኝ ነው ማለት ነበረብኝ። ሚኒባሱ ሰው ሞልቶታል፤ ራሴን በረሃብ አዙሮኛል፤ እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠረችው። እጄን ይዛ ሳመችውና በቆሎውን፣ የኔንም የራሷንም ግማሽ፣ ከጎናችን ለተቀመጠ ሰው ሰጠችው። እስከ ፍኖተ ሰላም እጄን አልለቀቀችም።

እሷ እንዳትጾም የነፍስ አባቷ ከከለከሏት ቆይቷል። «መድኃኒት የሚወስድ ሰው በልቶ ያመስግን፤ እግዜር አይቀየምሽም» ብለዋታል። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር የምትውጠው አንድ ፍሬ ኪኒን አላት፤ ሳትበላ እንዳትውጠው ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። ስለዚህ እኔ በየጠዋቱ ቁርሷን አቀርብላትና ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ። ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ይጠብቀኛል። «በላሽ?» «በላሁ፣ ተመስገን።» ለካ ኪኒኗን በውኃ ትውጥና ቁርሷን በፌስታል ቋጥራ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላሉት ነዳያን ትሰጥ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ፊቷን ብቻ ነው፤ ጠቁሯል፣ ግን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አላውቅም። ማታ ማታ ራሴን እየዳበሰች «ልጄ፣ በርቺ፣ ትንሽ ቀን ነው የቀረን» ትለኛለች። «የቀረን» ማለቷን ሰምቼ አላሰብኩበትም። በጨዋታ መሐል ብዙ ጊዜ አፌን ሞልቶት ነበር እውነቱ። ዛሬ ደስ ብሏታል፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዋጥኩት።

ጾሙ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄ መጣችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ሸሚዝ እሰፋለሁ፤ የተለመደው ንዴቴ መጥቶብኛል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ እኔም ክሩን እሳደባለሁ። «ከብቶቹ ገቡ?» አለች እናቴ።

መኪናዬን አቆምኩ። «የምን ከብት እማ? ከተማ ነን እኮ።» «ማን አገባቸው?» አለች። ዞሬ ሳያት ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እኔን እያየ አያየኝም። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጮኽኩ። ሻይ ሻጯ አንድ ጊዜ አይታት «ስኳሯ ወርዶ ነው!» አለችና ሮጣ፣ ስኳር በስኳር የሆነ ሻይ ይዛ ተመለሰች።

ብርጭቆውን አፏ ላይ አደረግሁት። እናቴ ከንፈሯን ገጠመች። «እማ፣ ጠጪ!» ራሷን ነቀነቀች። «አልሞላም» አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። «ዘጠኝ አልሞላም። ልጄ ስለኔ እየተራበች እኔ ልብላ?»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የታጠበው ሳህን፣ የጠቆረው ፊቷ፣ «የቀረን» ያለችው። እፊቷ ተንበረከክሁ፤ ያ ጉልበቴ መሬቱን ሲመታው አልተሰማኝም። ደንበኞች ቆመዋል፣ ሻይ ሻጯ ቆማለች፣ ከመንገድም ሰው ገብቷል። «እማ፣ ስሚኝ! እኔ አልጾምኩም!» አልኩ። «ውሸቴን ነው! ልከሳ ብዬ ነው! ሐኪም ወፍረሻል ብሎኝ ነው የተራብኩት፤ ላንቺ አይደለም! ጠጪ!»

ስንቱ እንደገባት አላውቅም። ግን አፏን ከፈተች። በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት፤ ግማሹ በአገጯ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። ሁለተኛ ብርጭቆ መጣ። እጇ መንቀጥቀጡን ሲያቆም፣ ዓይኗ ተመልሶ እኔን ሲያየኝ፣ አሁንም እንደ ተንበረከክሁ ነበርኩ። ሻይ ሻጯ ላቧን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገችላት «አይ አንቺ!» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ቅድስት መስለሽኝ!» ንዴት አልነበረባትም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ሐኪም ቤት ወስጃት አርፋ፣ ማታ ቤት ገብተን፣ እንጀራ አቀረብኩላት። እያየኋት በላች። ቆይታ «ስለ እኔ አልነበረማ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። «አልነበረም እማ፤ ይቅር በይኝ።» ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «አባትሽ ከሞተ ወዲህ ስለኔ የሚራብ ሰው አገኘሁ ብዬ፣ ረሃቡ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር።» ከዚያ እጇን ታጥባ ተኛች።

እኔ ስገላበጥ አደርኩ። ያንኑ ረሃብ እኔ ደንበኛ ስሰድብበት፣ ክር ስራገምበት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት በሽተኛ ደስ ብሏት ተራበችው። እኔ የራሴን ወገብ ስለካ እሷ እኔን ታስብ ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ከሥራ በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ የነፍስ አባቴን አገኘሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። የቀሩትን ቀናት በእውነት ይዤ ስለ እሷ ልጹም አልኳቸው። «ጹሚ» አሉኝ። «እሷ ግን እንዳታውቅ፤ ካወቀች አሁንም አብራሽ ትራባለች።»

ስለዚህ አሥራ አራቱን ቀን ስለ እናቴ ጾምኩ፤ በክርስትና ስሟ እየጠራኋት፣ የሻይ ሻጯንም ልጅ እየጨመርኩ። ረሃቡ ቀለለኝ ብዬ አልዋሽም፤ አምስት ሰዓት ሲሆን ያው ይሞረሙረኛል። ሱቅ የምገባው ግን እናቴ ቁርሷን ጨርሳ ኪኒኗን ስትውጥ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ሆነ። በየጠዋቱ እፊቷ ባዶ እጄን እቀመጣለሁ። በየጠዋቱም እንጀራዋን ቆርሳ ቀና ትላለች።

«አንቺስ? አሁንም ለመክሳት ነው?» ትለኛለች።

«አሁንም ለመክሳት ነው፣ እማ።»

አንገቷን ትነቀንቅና ትበላለች።